የአብራሪው ጃኬት ዋጋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይድረስ ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዓወል፣ ካለህበት ጂዳ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስሸከም ጀርባዬን ይይዘኛል ብለህ ጽፈህ ነበር፤ አሁን ለቀቀህ ወይ? አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ልጆችስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናታችን ከጉልበቷ በቀር ሌላ የሚያማት ነገር የለም። በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ያለ እንደሆነ አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች። ሰሊሃ ደኅና ናት። አንተ ያላየሃት ልጃችን ኩብራ የስፌት መኪናውን እግር እየያዘች መቆም ጀምራለች።

ደብዳቤህ በሐምሌ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ችላ ብዬ አይደለም። በፖስታ ቤት የሚሄድ ወረቀት የሚነካካው እጅ ብዙ ስለሆነ ለሐጅ የሚወጣ ሰው እስካገኝ ድረስ ጠበቅሁ። የሰውየውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ስታየው ታውቀዋለህ። ደግሞም ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጨንቆኝ ነበር።

በደብዳቤህ ስለ አንድ ጃኬት ጠይቀኸኛል። ከምትሠራበት አጠገብ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የአሜሪካ አብራሪዎች የሚለብሱት የቆዳ ጃኬት ተሰቅሎ እንዳየህ፣ ባለሱቁም «ይህ የጥንቱ ራሱ አይደለም፣ በጥንቱ አምሳያ የተሠራ ነው» እንዳለህ፣ ዋጋው ግን ከሁለት ወር ደመወዝህ እንደሚበልጥ ጽፈሃል። አብሮ አደግህ ብርሃነ መስቀል ለጥምቀት ከአየር ኃይል መጥቶ ትከሻህ ላይ የጣለልህን፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ለብሰኸው የዋልከውን ጃኬት ቁርጥ እሱን ይመስላል ብለሃል። «አንተ ልብስ ሰፊ ነህና ቁርጡን ንገረኝ። ለአምሳያ ይህን ያህል መክፈል ይገባል ወይ? ይገባል ካልክ እገዛዋለሁ። አገሬ ስገባ እኔና ብርሃነ መስቀል ጎን ለጎን ለብሰን አንኮበር ገበያ እንወጣለን» ብለሃል። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ሱቁን ክፍት ትቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን በሙያዬ ልመልስልህ። ጥሩ አምሳያ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የጀርባው ቆዳ ሳይቀጠል ከአንድ በግ ካልወጣ ትከሻው ላይ ይጎተታል። ቆዳ እንደ ጨርቅ ተሰፍቶ አይፈታም፤ መርፌ አንዴ የበሳው ቀዳዳ ለዘላለም ቀዳዳ ነው፣ የተሳሳተ ሰፊ ቆዳውን ጥሎ ሌላ ይገዛል። ባለሱቁ ሲያሳይህ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ገልብጠህ እይ፤ ቁርጥራጩን የሚደብቁት እዚያ ነው። የአንገቱን ጸጉር በጣትህ ሳብ አድርገው፤ እጅህ ላይ ከቀረ ተወው። ዚፑንም ደጋግመህ ዝጋና ክፈት። ይህን ሁሉ ካለፈ ለሰፊው ድካም የተጠየቀው ዋጋ አይበዛበትም።

ይህን የምልህ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዕድሜዬ አንድ የአብራሪ ጃኬት ሰፍቻለሁ። የሰፋሁት ለብርሃነ መስቀል ነው፤ እሱ ግን አልለበሰውም። ጋሼ፣ አላህ ያጽናህ። ብርሃነ መስቀል የለም። በ1971 ነሐሴ ሰሜን ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ እዚያው ቀርቷል።

መርዶ በወረቀት አይነገርም ነበር። ሰው ተሰብስቦ፣ ወዳጅ ዘመድ ከብቦ የሚነገር ነገር ነው። አንተ ግን ርቀሃል፤ አጠገብህ የአገር ሰው ካለ ጥራውና የቀረውን አብራችሁ አንብቡት። ለቤታቸው አንተ እንግዳ እንዳልነበርክ አውቃለሁ። አባታችን ለትምህርት ብሎ ሽቅብ አንኮበር ልኮህ የብርሃነ መስቀል አባት መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ቤት ሲያስቀምጥህ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። እናቱ እመት ወለተሐና ለአንተ ብለው ድስትና ሰሃን ለይተው ማስቀመጣቸውን፣ በረመዳን ለስሑርህ ከዶሮ ቀድመው መነሣታቸውን እናታችን እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ወሬውን ያመጣው ወልደተንሣኤ የሚባል የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ከብርሃነ መስቀል ጋር ደብረ ዘይት የሠራ ሰው። ማንም አልላከውም፣ ወረቀትም አልያዘም። በመስከረም በራሱ ፈቃድ አንኮበር ድረስ መጥቶ ለእናቱና ለታናሽ እህቱ ለአልታየች ነገራቸው። «ወረቀቱን ብትጠብቁ ትቆያላችሁ። እኔ ሲነሣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አብረውት የበረሩት ደግሞ ሲወድቅ አይተዋል። ጃንጥላ አልተከፈተም» አላቸው። መሪጌታ ቀደም ብለው ስለሞቱ በዚያ ቤት የቀሩት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ።

እመት ወለተሐና እንደ ወጉ ለቅሶ ሊቀመጡ ፈልገው ለቀበሌ ተናገሩ። ቀበሌው ግን ከለከለ። «ልጅዎ በግዳጅ ላይ ነው። መንግሥት ሞተ ሳይል ማልቀስ የጠላት ወሬ መንዛት ነው» ተባሉ። አስበው እስቲ ጋሼ። ልጃቸው መሞቱን እያወቁ ጎረቤት ለምን ከል እንዳልለበሱ እየጠየቃቸው፣ ወር ሙሉ ነጭ ነጠላ ለብሰው ወፍጮ ቤት ሲመላለሱ ነበር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሱቄ መጡ። በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ስለመጡ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል። ውኃ ብሰጣቸው አልጠጡም። ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ብርሃነ መስቀል ነው፤ በዚያ ቡናማ ጃኬት፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው።

«ይህን ስፋልኝ» አሉኝ።

«ለማን ነው እመት?»

«ለልጄ ነዋ።»

ሞቱን ያላመኑ መሰለኝ። እሳቸው ግን ገባቸው። «ይመጣል ብዬ አይደለም» አሉኝ። «ሬሳውን አልሰጡኝም። ጦር ሰፈር ውስጥ የነበረውን ልብሱንም አልላኩልኝም። በልጅነቱ የለበሰውን ለድኻ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ባዶ እጄን እንዴት ብዬ ላልቅሰው?» ወጉን ታውቀዋለህ። ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሞት ልብሱ ለቅሶው መካከል ይወጣል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ስሙን ትጠራለች፣ ዘመድም እሱን እየዳሰሰ ያለቅሳል። እሳቸው የሚያወጡት አልነበራቸውም።

ወጪውን አስቤ ከቆዳ ይልቅ ቆዳ በሚመስል ፕላስቲክ ልስፋላቸው አልኩ። «ከሩቅ አይለይም» አልኳቸው።

«ከሩቅ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።

እንግዲያውስ የእጄን አልቀበልም፣ የቆዳውንና የዕቃውን ብቻ ይስጡኝ አልኩ። ያን ጊዜ ተቆጡ። ቁጣቸውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ ይላል። «ልጄ በምጽዋት ልብስ አይለቀስለትም። እንደ ሕያው ሰው ልብስ ዋጋውን ቆርጠህ ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በቅሎዋን ሸጠው መጡ። መሪጌታ ይቀመጡባት የነበረችውን፣ እሳቸውም ቁልቁል ገበያ የሚወርዱባትን በቅሎ።

ሰሊሃ ስትሰማ እብደት ነው አለች። ኩብራን ወልዳ ገና አራስ ቤት ነበረች። «ሕያው ሰው ብርድ ልብስ አጥቶ ለሌለ ሰው የበቅሎ ዋጋ? ደግሞስ የወታደር ልብስ ስትሰፋ ቢይዙህ እኔና ይህች ልጅ ማን አለን?» አለችኝ። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ልብስ እጄ ገብቶ ስለማያውቅ መሥራቱንም ፈልጌው ነበር።

ቆዳውን አዲስ አበባ ወርጄ መርካቶ ከሚሸጡ ሰዎች መርጬ አመጣሁ። ለአንገቱ የመንዝ ጥቁር ቡናማ ጠቦት ቆዳ ከነጸጉሩ ገዝቼ አጥቤ በጥላ አደረቅሁት። የጃኬቱ ወገብና የእጅጌው ጫፍ ሹራብ ነው። ለእሱ የሚሆን ቡናማ ክር በከተማው ጠፋ። በመጨረሻ ሰሊሃ አንተ ከጂዳ የላክህላትን ቡናማ ሹራብ ከሳጥን አውጥታ መተርተር ጀመረች። ክሩን ጠቅልላ እንደገና በኪሮሽ ሠራችልኝ። «ለሱ ብዬ አይደለም፣ ለእናቱ ብዬ ነው» አለች።

ትልቁ ችግር ፎቶው ጀርባውን አለማሳየቱ ነበር። አብራሪ ሰው ክንዱን እንዲያነሣ ከኋላ ትከሻው ላይ የታጠፈ ነገር እንዳለ ገምቻለሁ፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እመት ወለተሐና የልጃቸውን ልክ ሊያሳዩኝ ከአልታየች ጋር ሲመጡ ጠየቅኋቸው። «ዙር» አሉኝ። ዞርኩ። ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ዘረጉ። «ሳቅፈው ይህ ጣቴ እዚህ ስፌት ላይ ያርፍ ነበር። ይህኛው ደግሞ እዚህ እጥፋት ውስጥ ይገባል» አሉ። በዚያው በጣቶቻቸው ቦታ በጠመኔ ምልክት እንድታደርግ አልታየችን አዘዟት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞርኩ ቆየሁ።

አለቀ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ቆሞ እንደሚሄድ ሰው ነበር። ሰሊሃ ሚስማር ላይ እንድሰቅለው አልፈቀደችም፤ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና እስኪወስዱት ድረስ ሻሽ አለበሰችው።

ለቅሶው በኅዳር ሆነ። ከተማው ውስጥ ስለተከለከለ ከአንኮበር ቁልቁል በዘመዳቸው በአቶ ገብረ ጻድቅ ግቢ ተደረገ። ጃኬቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ራሴ አደረስኩት። ይመጣል ተብሎ ያልታሰበ ሰው ሁሉ ነበር፤ ቄሶቹም፣ ከእኛ ቆላ የወጡ ነጋዴዎችም። እናታችን በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን በአህያ ወጥታ መጥታ ነበር። አልታየች ጃኬቱን በሁለት ክንዷ ይዛ ስትወጣ ሰዉ አንድ ላይ ጮኸ። ከበስተኋላ የነበሩ ሰዎች «ልብሱ ተገኘ እንዴ?» ሲባባሉ ሰማሁ።

እመት ወለተሐና ተቀበሏትና ፊታቸውን የአንገቱ ጸጉር ውስጥ ቀበሩት። እንደዚያ ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ አጠገባቸው ስለነበርኩ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። «የሱ አይሸትም» አሉ። አዲስ ቆዳ፣ አዲስ ክር ነው የሚሸተው። ማስመሰል የማልችለው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ወዲያው ግን መልሰው አቀፉት፣ እጃቸውንም ከኋላ ዘርግተው ያንን ስፌት ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለቀሱትን ለቅሶ አልጽፍልህም።

ቀትር ላይ ታጣቂዎች መጡ። ከፊት አንድ ወጣት ካድሬ ነበር፤ ከሌላ አገር የተመደበ፣ ለብርዳችን እንግዳ የሆነ ሰው። ሰዉን በተነ። ጃኬቱን ከእናቲቱ እጅ ወስዶ አገላብጦ አየውና «የመንግሥት ንብረት ከየት አመጣችሁ?» አለ። እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አምሳያ ነው አልኩ። አላመነኝም። እንዲያው ላስረዳው ስል እመት ወለተሐና አቋረጡኝ። «የልጄ ነው። ትቶልኝ የሄደው ነው። ይህ ልጅ አዝኖልኝ ይዋሻል» አሉ። የወታደር ልብስ መስፋት ለእኔ ምን እንደሚያመጣብኝ ያውቁ ነበር። እኔም የመንግሥት ንብረት መደበቅ ለእሳቸው ምን እንደሚያመጣባቸው አውቅ ነበር። እኔ ሰፋሁ እላለሁ፣ እሳቸው የልጄ ነው ይላሉ። ካድሬው በመጨረሻ ሁለታችንንም መኪና ላይ ጫነን። ያንን ብቸኛ ፎቶግራፍም ወሰደው።

ደብረ ብርሃን አሰሩን። ሲሚንቶ ላይ ነው የምንተኛው። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ አልረሳኸውም መቼም። ሴቶቹ በሌላ ክፍል ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ፀሐይ እንድንሞቅ ሁላችንንም ወደ ግቢው ያወጡን ነበር። ሰሊሃ ልጇን አዝላ ምግብ ስታመጣ ለሁለት ከፍላ ነው። የነቢያት ጾም ስለሆነ ለእመት ወለተሐና ሁልጊዜ የጾም ለይታ ትሠራላቸዋለች። እሳቸው ግን ግማሹን ለሌሎቹ እየሰጡ መክሳት ጀመሩ፤ ሳልም ያዛቸው።

አንድ ጠዋት ካድሬው ወደ ግቢው ገባ። ጃኬቱን ለብሶታል። ልክክ ብሎበታል ጋሼ፤ ያንን መናገር ያሳፍረኛል፣ ዓይኔ መጀመሪያ ያየው ግን ትከሻው እንዴት እንደተቀመጠ ነው። ዚፑ ክፍት ነበር። ወደ እመት ወለተሐና ለማየት ፈራሁ።

ከተቀመጡበት ተነሡ። ዘቡ ቁጭ በይ ብሎ ጮኸባቸው፤ አልሰሙትም። በቀስታ እየሄዱ ካድሬው ፊት ቆሙ። ይመቱታል ብዬ ነበር፣ ወይም ይረግሙታል። እጃቸውን ዘረጉና የታጠፈውን አንገት አቃኑለት። ጎንበስ ብለው ዚፑን ያዙና እስከ ላይ ሳቡት። «ዝጋው እንጂ ልጄ። ውርጩ የሚይዘው ደረት ነው» አሉት። እሱ እንደ ግንድ ቆመ። «እናት አለችህ?» ብለው ጠየቁት። ፊታቸውን እያየ ወደ ኋላ ሁለቴ ተራመደና ዞሮ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እኛ ባለንበት ጃኬቱን ለብሶ አላየሁትም።

በየካቲት የእመት ወለተሐና ስም ተጠርቶ ተፈቱ። የካድሬው ሥራ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔን ሚያዝያ ላይ አስፈርመው ለቀቁኝ። ካድሬው ያኔ ወደ ሰሜን ተልኮ ነበር፤ ለብሶት እንደሄደ ሰዎች ነግረውኛል። የት እንዳለ፣ ሰውየው ይኑር አይኑር፣ የሚያውቅ የለም።

በግንቦት አንኮበር ሄጄ እመት ወለተሐናን ጠየቅኋቸው። አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሳሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ተቀምጬ አንተ አሁን የጠየቅኸኝን ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኋቸው። በቅሎዋ ሄደች፣ ጤናዎ ሄደ፣ ልብሱም በሰው እጅ ቀረ፤ ባልሰፋልዎ ይሻል ነበር ወይ አልኳቸው። «ከሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ይዤዋለሁ» አሉኝ። «አገር ሁሉ ስሙን ጠርቶ አልቅሶለታል። ያንን ባላደርግ ኖሮ ዛሬም ወፍጮ ቤት ነጭ ለብሼ እመላለስ ነበር። ለበቅሎዋ አትዘን፤ አርጅታ ነበር።»

በሰኔ ሞቱ። እናታችንና እኔ ቀብራቸው ላይ ነበርን። ስለ አንተ ሆኜ አፈር ጨምሬላቸዋለሁ። በነሐሴ ደግሞ መንግሥት የልጃቸውን መሞት የሚገልጽ ወረቀት ላከ። በስማቸው ስለነበር መጀመሪያ ተቀባይ የለም ተብሎ ተመለሰ፤ አልታየች ሁለተኛ ሄዳ ፈርማ ወሰደችው።

እንግዲህ ዋጋው ይገባዋል ወይ ላልከኝ፣ ለእሳቸው ይገባው ነበር። ሰሊሃ ግን ዛሬም አይገባም ትላለች፤ እኔም የወራት እስሬን ሳስብ፣ የእሳቸውን ሳል ሳስብ፣ እሷ ትክክል ትሆናለች እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ቆዳ ሰፍቼ አላውቅም፤ ደንበኛ ሲመጣ መርፌ የለኝም ብዬ እመልሰዋለሁ። አንተ ግን የታናሽ ወንድምህን ቃል ከተቀበልክ አትግዛው። ስፌቱ መጥፎ ይሆናል ብዬ አይደለም። ጂዳ ላይ ብርድ የለም፤ ጎን ለጎን የሚለብሰውም ሰው የለም።

አንድ የምለምንህ ነገር አለ። አልታየች ብቻዋን በዚያ ቤት መቀመጥ ስላልቻለች አሁን እኛ ጋ ናት። ቁልፍ ትተክላለች፣ ኩብራን ትይዛለች፣ ከሰው ጋር ግን ብዙ አትነጋገርም። ለአንተ ልጽፍ መሆኑን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ንግግር ተናገረች። «ጋሼ ዓወል ከወንድሜ ጋር አንድ መደብ ላይ ነበር የሚተኙት። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ከዚያ ወንድሜ ለአብራሪነት ሄደ፤ በደንብ አላውቀውም። ምን ያወሩ እንደነበር ይጻፍልኝ። ምን ያስቀው ነበር? የሚፈራው ነገር ነበር? ከቤታችን የምጠይቀው ሰው አልቀረም» አለችኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ አልቅሰህ ሲወጣልህ ተቀመጥና ጻፍላት። ጥሩ ጥሩውን ብቻ አይደለም፤ የተጣላችሁበትንም፣ የሰረቃችሁትንም ጻፍ። አጭር አታድርገው።

እናታችን ኡሙሀኒ ዱዓዋ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን ትልሃለች፤ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች። ስለ እኔ መታሰር ታውቃለች፤ አንስታው ግን አታውቅምና አንተም በደብዳቤህ አታንሳባት። ሰሊሃ በጣም አድርጋ ሰላም ትልሃለች፤ ስለ ሹራቡ አትቀየማት። ኩብራ ስምህን መጥራት ተለማምዳለች፣ «አወ» ብላ ታቆማለች። አልታየች እጅ ነስታለች፣ መልስህን ትጠብቃለች። ከእኔም ናፍቆቴንና አክብሮቴን ተቀበል። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምህ በሽር
ደብረ ብርሃን
መስከረም 12 ቀን 1973 ዓ.ም.